በእትዬ ሸዋረጋ ግድግዳ ላይ የተቀመጡት

ኅዳር ፫፣ ሞላሌ

የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ቆመ። ጣሪያው ሳይከደን ሥዕል አይጀመርም ብለዋል አባቶች፤ ቆርቆሮው ደግሞ መንገዱ እስኪረጋ ደብረ ብርሃን ተቀምጧል። ብሩሾቼን አጥቤ ቤት ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሸዋረጋ አስጠሩኝ። ጠላና አረቄ የሚሸጡበት ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ ከመደቡ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ኖራ አስቀብተውታል። ልጃቸው ከአዲስ አበባ በስልክ የላከችላቸውን ፎቶ አሳዩኝ። የአንድ ሆቴል ግድግዳ ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው ሲጠጡ ተሥሎበታል።

«እንዲህ ያለ እፈልጋለሁ» አሉ። «ግን የማላውቃቸው ሰዎች ቤቴ ውስጥ እንዲቀመጡብኝ አልፈልግም። የቤቴን ሰዎች ሣልልኝ።»

ለባለቤቴ ለአመተሥላሴ ነገርኳት። ስትቆጣ ዕቃ ታጥባለች። ንጹሑን ብርጭቆ ሁሉ አውጥታ እንደገና አጠበችና መጨረሻ ላይ «አባትህ መቅደስ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው» አለች። አውቃለሁ። ብሩሾቹም የሳቸው ናቸው።

ኅዳር ፮

ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዤ በእርሳስ ስነድፍ ዋልኩ። ሰው መጀመሪያ ያፍራል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ አንድ ሁለት ጣሳ ከጠጣ በኋላ ይረሳኛል።

እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ ልብ ሳልለው የኖርኩት ነገር፦ ሁሉም ቦታ አለው። ከውስጥ በኩል የሱፍ ባና የተነጠፈበት መደብ ላይ ሰፊ መሬት ያላቸውና የቀበሌ ሰዎች ይቀመጣሉ። መሐል አግዳሚው ላይ ነጋዴና ሾፌር። በሩ አጠገብ፣ ብርዱ በሚገባበት በኩል፣ የቀን ሠራተኞች። ከደፉ ወዲያ ድንጋይ ላይ ደግሞ ቀጥቃጩ ወልደ ጻድቅ። ማጭዳችንንም ማረሻችንንም የሚሠራልን እሱ ነው፤ ጠላውን የሚጠጣው ግን ከቤቱ ይዞት በሚመጣው ጣሳ ነው። አሳላፊዋ ጌታነሽ ስትቀዳለት ማንቆርቆሪያው ጣሳውን እንዳይነካ ከፍ ታደርገዋለች። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ሁላችንም «አንተ» እንለዋለን። ይኸው እኔም ጻፍኩት።

ጌታነሽ ንድፉን በትከሻዬ በኩል አየችው። «እኔስ የት ነኝ?»

እጇንና ማንቆርቆሪያውን አሳየኋት። ሌላው አካሏ ከወረቀቱ ውጭ ነበር።

«እውነትህን ነው» አለች። «እነሱም የሚያዩት እሱን ብቻ ነው።»

ኅዳር ፱

ጋሽ በዕውቀቱ ከደብረ ብርሃን ቀለም አመጡልኝ። አይሱዙ አላቸው፤ በግና ገብስ ያመላልሳሉ። ዋጋውን ብጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ፤ «ለአገር ጌጥ ነው» አሉ። ከክረምት ወዲህ እጃቸው ተፈትቷል። ለገባ ለወጣው ሁሉ ይጋብዛሉ፤ ለኔም አስቀዱልኝ። አንድ መለኪያ ብቻ ጠጣሁ። ምናልባት ሁለት።

አንድ ነገር አየሁ። ሁሉም የሳቸውን ግብዣ ይጠጣል፣ አጠገባቸው ግን ማንም አይቀመጥም። አግዳሚው ላይ በግራቸው በኩል የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነው። ቤቱ ሲሞላ እንኳ ሰው ቆሞ ይጠጣል እንጂ እዚያ አያርፍም። ማን እንደከለከለ ጌታነሽን ጠየቅኳት።

«ማንም አልከለከለም። የዳኜ ቦታ ነበር፣ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።»

ዳኜ የመኪናቸው ረዳት ነበር፤ የሚጭን፣ የሚያወርድ፣ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ በጎቹን የሚጠብቅ። የክርስትና ልጃቸውም ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አብሯቸው ወጥቶ አልተመለሰም። ጣርማ በር ላይ ወርዶ «አዲስ አበባ እሄዳለሁ» ብሎ ተለየኝ ነው የሚሉት። ብዙ ወጣት እንዲያ ሄዷል። ስልክም ደህና አይሠራም። ሊሆን ይችላል።

ኅዳር ፲፪

ንድፉ ግድግዳው ላይ ሰፈረ። አንገቴን አሞኛል። ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጌ ተውኩት፤ እንዲያ ነው የሚቀመጡት፣ እኔ ምን ላድርግ።

ኅዳር ፲፮

ጾም ገብቷል፤ ጠጪው ግን አልቀነሰም። ገብሱ ታጭዶ ስላለቀ ሰው ጊዜ አለው።

ፊቶቹን ጀመርኩ። አባቴ እንዳስተማሩኝ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን። ሰዉ ደስ ብሎታል። ወልደ ጻድቅ እንኳ ከደፉ ላይ አንገቱን አስግጎ ራሱን አየ፤ ብዙ ቆየ። ከመደቡ አንዱ «እሱን ደግሞ ምን ብለህ አስገባኸው?» አለኝ። ከውጭ ነው የሣልኩት፣ አልኩት። አላስገባሁትም።

ጋሽ በዕውቀቱን ወደ ጎን ሣልኳቸው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሰው በገባ ቁጥር ወደ በሩ ይዞራሉ። ከነደፍኳቸው ንድፎች ሁሉ ፊታቸውን በሙሉ ያገኘሁበት የለም። ያየሁትን ነው የሣልኩት።

ማታ ራት ስንበላ አመተሥላሴ «እውነት በአንድ ዓይን ሣልካቸው?» አለችኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። በቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ይሁዳና ጌታን የገረፉት ወታደሮች ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። መጠጥ ቤት እኮ ነው፣ አልኳት። የመቅደስ ሥርዓት እዚያ ምን ያደርጋል? በሩን ስለሚያዩ ነው።

«እንግዲያው በሩንም ሣልበት» አለች። «ሰው የሚያዩት በር መሆኑን ይወቅ።»

ቦታ የለኝም፣ አልኩ።

ኅዳር ፳

ኃይለኛ ነፋስ። የእትዬ ሸዋረጋ ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ጫፉ ተነቅሎ እየተነሣ ይመታል። ቤቱ ውስጥ ከሳቅና ከጨዋታ በላይ የሚሰማው እሱ ነበር። ጋሽ በዕውቀቱ መለኪያቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ።

«እኚህን ሰውዬ ያ ቆርቆሮ ምን አድርጓቸዋል?» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «ባለፈው ራሳቸው ምስማር ይዘው መጥተው ላስመታው ብለው ነበር።»

የቀለም ሥራው በዝግታ ነው የሚሄደው። ግድግዳው በባዶው ቦታ በኩል እርጥበት ያዘው። ጠዋት ጠዋት እርጥቡን ስመለከት የተቀመጠ ሰው ትከሻ ይመስላል። በኖራ ሸፈንኩት። ተመልሶ ወጣ።

ኅዳር ፳፬

ዛሬ እትዬ ኮከቤ መጡ፤ የዳኜ እናት። ሱፍ ፈትለው ለባና ሠሪዎች በመሸጥ ነው ያሳደጉት፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እንደሳቸው ያለች ሴት መጠጥ ቤት አትገባም፤ ደፉ ላይ ቆመው ሥዕሉን ከሩቅ አዩት። እኔ ወጣሁላቸው።

«ከሌላ አገር የሚመጡ ሾፌሮች ይሄን ፎቶ ያነሱታል አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ እትዬ፣ ያነሳሉ።»

«እንግዲያው ዳኜን ሣልልኝ። ያየው ሰው ካለ፣ ይሄ ልጅ እኮ እገሌ አገር ነው ያለው ይላል።» ከነጠላቸው ጫፍ የመታወቂያ ፎቶ ፈቱ። «ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ይደረግለት ብዬ ቄሱን ጠየቅኳቸው። መሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት አይደረግም አሉኝ። ለሕይወቱ ልጸልይ ስል ደግሞ አፌን ይይዘኛል። እንዲህ ሆኜ እስከ መቼ እቀመጣለሁ?»

ፎቶው እጄ ላይ ነበር። ከንፈሩ ሊስቅ ያለ ይመስላል፤ ፎቶ አንሺው አትሳቅ ያለው ልጅ።

ኅዳር ፳፰

የት ላስቀምጠው? ከባዶው ቦታ በቀር ሌላ የለም። ለጌታነሽ ነገርኳት።

«ጋኑ አጠገብ ሰፊ ቦታ አለ እኮ» አለች።

እዚያ ጨለማ ነው፣ አልኳት።

«ሥዕል ላይ ጨለማውን የምታመጣው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሥራ አላት ብዬ ተውኳት። እውነቱን ለመናገር የሥዕሉ ሚዛን የሚጠበቀው ባዶው ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነው። ለሚዛኑ ነው።

ታኅሣሥ ፪

ዳኜን ሣልኩት። አግዳሚው ላይ፣ በጋሽ በዕውቀቱ ግራ። ሁለቱንም ዓይኖቹን።

የመጨረሻዋን ነጥብ አስቀምጬ ዞርኩ። ሲያወራ የነበረው ሁሉ፣ ሰው እንደገባበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

አመሻሹ ላይ ጋሽ በዕውቀቱ መጡ። ሥዕሉን አዩት። ወደ ቦታቸው ሄደው ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ለቤቱ ሁሉ አስቀዱ። ከዚያ ጌታነሽን ጠሯት።

«ለሱም ቅጂለት» አሉ፣ በግራቸው ወዳለው ባዶ ቦታ ሳያዩ።

ቀድታ አግዳሚው ላይ አኖረችው። ማንም አልነካውም። እሳቸውም የራሳቸውን አልነኩም። ነፋስ አልነበረም፣ እኔ ግን ሁላችንም ቆርቆሮውን የምናዳምጥ መሰለኝ። ከሄዱ በኋላ ጌታነሽ መለኪያውን ይዛ ወጥታ ደጅ ደፋችው። መልሳ ጠርሙሱ ውስጥ ልትጨምረው ፈራች መሰለኝ።

እንቅልፍ የለም።

ታኅሣሥ ፭

ጋሽ በዕውቀቱ መምጣት አቁመዋል። ቤቱ ቀዝቅዟል፤ የሚጋብዝ የለም። ከመደቡ አንዱ «ሰውየውን አባረርክብን» አለኝ፣ ቀልድ አስመስሎ።

ቀለም እየበጠበጥኩ ሁለት ጠጪዎች ሲነጋገሩ የሰማሁት፦

«እኔ እኮ ያን ጊዜውኑ ጠርጥሬ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንጃ፣ ምንም።»

እትዬ ሸዋረጋ ጣሳ እያለቀለቁ ሰሟቸው። «ሁላችሁም ጠርጥራችኋል» አሉ። «ለዚህ ነው አጠገቡ ያልተቀመጣችሁት። እንዳትጠይቁት አፋችሁን አረቄው ያዘው። እኔም ሻጭ ነኝ፣ አልጠየቅኩም።»

እኔም አልጠየቅኩም። የሥዕሉ ቀለም ጋሽ በዕውቀቱ ያመጡልኝ ነው። የኔም አፍ ሲቀዳለት ነበር።

ታኅሣሥ ፰

የጋሽ በዕውቀቱ ዘመዶች ሰላምታ ነስተውናል። ልጃችን ቤተል ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች፤ የሳቸው የልጅ ልጅ «አባትሽ የሰው ዓይን የሚያጠፋ ነው» አላት።

«አንዲት ዓይን ናት» አለች አመተሥላሴ። «ብትጨምርላቸው ምን አለበት? እዚሁ አገር ነው የምንኖረው።»

እጨምራለሁ አልኳት። ነጩ ቀለም አልቋል። ሲመጣ እጨምራለሁ።

ነጭ ቀለም አለኝ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

ታኅሣሥ ፲፪

ጠዋት፣ ቤቱ ገና ሳይከፈት፣ ጋሽ በዕውቀቱ መጡ። ከስተዋል። ጌታነሽ ወለሉን ስትጠርግ ነበር፤ አይታቸው መጥረጊያውን አስቀምጣ ወጣች።

«ልጆቼን አሳፈርክብኝ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «ፊቴን ሙሉውን ሣልልኝ። ወደ በሩ እያየሁ አስቸግሬህ ከሆነ ነገ መጥቼ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ።»

እምቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ታኅሣሥ ፲፫

ረፋዱ ላይ መጡ። እትዬ ሸዋረጋ ማንም እንዳይገባ በሩን ዘጉልን። ከቦታቸው ተነሥተው በርጩማ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ግድግዳው ሥር ብሩሼን ይዤ ቆምኩ። ከኔ ኋላ ሥዕሉ፣ ሥዕሉ ላይ ዳኜ አለ። እኔን ሲያዩ እሱንም ማየታቸው ነው። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም።

ሰውን ለመሣል ዓይኑን ለረጅም ጊዜ ማየት ግድ ነው። በተለመደው ኑሮ ማንም ማንንም እንዲያ አያይም። መጀመሪያ ስለ ገብስ አወሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ብርድ ነበር።»

ብሩሼን አላነቃነቅኩም።

«ጋቢና ውስጥ የሱ መቀመጫ ላይ ቅቤና ገብስ ደርድሬበት ነበር። ለዘመዶቼ የያዝኩት። አንተ ላይ ውጣ አልኩት። ዝናብ ነው ጋሼ አለኝ፤ ሸራ ልበስ አልኩት። ጣርማ በር ሳንደርስ ጭጋጉ መጣ፣ መንገዱ አይታይም። የጋቢናውን ጣሪያ ይመታ ጀመር። ብርድ ነው፣ አስገባኝ ማለቱ ነው፤ ልማዱ ነው፣ አውቀዋለሁ። ዳገት ላይ ብቆም ጭቃው ይጎትተኛል ብዬ፣ ያን መታጠፊያ ልለፍ አልኩ። ካለፍኩት በኋላ ደግሞ ቀጣዩን ልለፍ አልኩ። ይመታል። ከዚያ ተወው። እንቅልፍ ወሰደው አልኩ። ደስ አለኝ፣ ታውቃለህ? ስለተወው ደስ አለኝ።»

ደብረ ብርሃን ደርሰው በጎቹን ሊያወርዱ ሲወጡ ከላይ ማንም አልነበረም። ሌሊቱን ተመለሱ። ሲነጋጋ ከመንገዱ በታች ገደሉ ውስጥ አገኙት። በሕይወት አልነበረም። ሸራው አብሮት ወርዷል።

«ሰው ሊያየኝ ነው ብዬ ፈራሁ። መንጃ ፈቃዴን፣ እስሩን፣ ኮከቤን። አንስቼ ቁልቁለቱ ላይ ወዳለች አንዲት ማርያም ወሰድኩት። መንገደኛ ነኝ፣ ወድቆ አገኘሁት አልኳቸው። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው። ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ያውቃሉ ወይ አሉኝ።»

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ በጣቶቻቸው ቀስ ብለው ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር፣ እንደሚመቱም አያውቁም።

«አላውቅም አልኳቸው» አሉ። «ክርስትና ያነሣሁት እኔ። ቄሱ በጆሮዬ የነገሩኝን ስም፣ አላውቅም አልኩ። እሳቸውም የማያውቁትን ስም መጥራት አይችሉም፤ እንግዳው ብለው ቀበሩት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን አየሁ። ልሥላቸው አልቻልኩም።

«ለኮከቤ እኔው እነግራታለሁ» አሉኝ ሲወጡ። «በዓሉን እስካሳልፍ ስጠኝ። እስከ ገና።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ታኅሣሥ ፲፬

ሥራ አልሄድኩም። ራስ ምታት።

ታኅሣሥ ፲፭

እትዬ ኮከቤ ደፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ያወቀው ሰው አለ?»

«ገና ነው እትዬ።»

እንዲህ አልኩ። በእግዚአብሔር ፊት እንዲህ አልኩ። እሳቸው አመሰገኑኝ። ፊቱ ላይ ያለችውን ሳቅ አግኝተህበታል አሉ። የሳቸውን አባት ይመስል ነበርም አሉ።

ታኅሣሥ ፲፯

ቤታችን ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ይመታል። ወጥቼ አየሁ። ምንም የለም። ተመልሼ ተኛሁ፣ መታ። ቤተል ምንም አይሰማም አባዬ ትላለች።

ታኅሣሥ ፲፰

ለአመተሥላሴ ነገርኳት። ጠዋት ነው፣ የቤተልን ጠጉር እየሠራች ነበር። ልጅቷን ወደ ደጅ ላከቻት። እስክጨርስ ሰማችኝና ነጠላዋን አነሣች።

«እስከ ገና?» አለች። «ልጁን ያለ ስም መሬት ውስጥ አስቀምጠው በዓል ሊውሉ? አንተስ እሺ አልክ?»

«እሳቸው ራሳቸው ቢናገሩ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ይናገራሉ። ዛሬ።»

አብረን ሄድን። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ጋሽ በዕውቀቱ ግቢያቸው ውስጥ የመኪናቸውን ጎማ ሲያዩ አገኘናቸው። አመተሥላሴ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ «እትዬ ኮከቤ ዘንድ ልንሄድ ነው፣ እርስዎ ቢቀድሙን ይሻላል ብለን ነው» አለቻቸው። የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩና አብረን ወጣን።

እትዬ ኮከቤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ቄሱን ሲያዩ እንዝርቱ ከእጃቸው ወረደ። ጋሽ በዕውቀቱ ከፊታቸው መሬት ላይ ተንበርክከው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ቅቤውንም ገብሱንም፣ ሲመታ የነበረውንም። እትዬ ኮከቤ እሪ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አላሉም።

«በርዶት ነበር?» አሉ።

«በርዶት ነበር።»

«ስሙን አላውቅም አልክ?»

«አዎ።»

«አሁን ጥራው።»

እትዬ ኮከቤ ጠበቁ። ቄሱም፣ እኛም ጠበቅን። በመጨረሻ ጋሽ በዕውቀቱ «ወልደ ሰንበት» አሉ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ጮክ በል፣ ጎረቤት ይስማ።»

«ወልደ ሰንበት።»

ያን ጊዜ ነው እትዬ ኮከቤ ያለቀሱት። ጎረቤቱ እየሮጠ ገባ። ልቅሶው እስከ ማታ አልቆመም። ጋሽ በዕውቀቱ ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ ቄሱ አብረዋቸው ሄዱ።

ታኅሣሥ ፳

ዛሬ ሁለተኛውን ዓይን ሣልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ፊታቸውን ወደ ፊት ለማዞር አፍንጫውንም ጉንጩንም ፍቄ እንደ አዲስ መጀመር ነበረብኝ። ከመደቡ አንዱ «አሁን ነው እንጂ በአንድ ዓይን መሆን የነበረባቸው» አለ። መለስኩለት፦ ያን ቀን በርጩማው ላይ ያየሁት ይህን ነው አልኩት። ሌላ ማስረዳት አልቻልኩም።

እትዬ ሸዋረጋ ግድግዳውን መልሼ ኖራ ልቀባው ይሆን ብለው ሲያመነቱ ነበር። ትተውታል።

ታኅሣሥ ፳፪

ዛሬ ዳኜን ልንጠይቅ ሄድን። እትዬ ኮከቤ፣ ቄሱ፣ አመተሥላሴ፣ እትዬ ሸዋረጋ፣ ሌሎችም፤ በአንድ ሚኒባስ። ወልደ ጻድቅም መጣ። እትዬ ኮከቤ ናቸው «አጠገቤ ተቀመጡ» ያሏቸው። ተቀመጡ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምጽፋቸው።

ጣርማ በር ሳንደርስ በእግር ወረድን። መንገዱ ቀጭን ነው፣ በግራችን ገደሉ ነበር። እትዬ ኮከቤ ወደ ታች አላዩም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ትንሽ ናት፣ ጥዶች የከበቧት። የደብሩ ቄስ ሲሰሙ «እንግዳው ብለን ነበር በጸሎት የምናስበው። ስም አለው ማለት ነው?» አሉ። አለው፣ አልናቸው።

መቃብሩ ከአጥሩ ሥር ነበር። የተጣለ አልነበረም። ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፣ አረሙ ተነቅሏል። ፍትሐቱ ሲጀመር ካህናቱ ወልደ ሰንበት እያሉ ሲጠሩት፣ እትዬ ኮከቤ በየጥሪው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፣ በትክክል እንደሚጠሩት የሚያረጋግጡ ይመስል።

ሲያበቃ ከሰዉ ኋላ የቆሙ አንዲት የዚያው አገር ሴት አየን። በዕድሜ እትዬ ኮከቤን ያህላሉ። የደብሩ ቄስ ድንጋዩን የደረደሩት እሳቸው መሆናቸውን ነገሩን። በቀብሩ ቀን የሚያለቅስለት ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ለሌላ ጉዳይ መጥተው ነበር፣ ቆመው አለቀሱለት። ከዚያ ወዲህም በየሰንበቱ ይመጣሉ። የሳቸውም ልጅ ከወጣ ቆይቷል፣ የት እንዳለ አይታወቅም።

እትዬ ኮከቤ ወደ ሴትዮዋ ሄዱ። እጃቸውን ያዙ።

«ስታለቅሺለት ማን እያልሽ ነበር?» አሏቸው።

ሴትዮዋ አፈሩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ልጄ እያልኩ ነው፣ እቴ» አሉ። «ሌላ ስም አላገኘሁለትም።»

ሁለቱም መቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኛ ወደ ኋላ አልን። ስለ ሁለቱም ልጆች ነበር የሚያወሩት፤ የትኛዋ ስለየትኛው እንደምታወራ ከሩቅ አይለይም። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ቄሱ ጠሯቸው።

ስንመለስ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነዳ። እትዬ ኮከቤ ጭንቅላታቸውን አመተሥላሴ ትከሻ ላይ አሳርፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አመተሥላሴ ትከሻዋ ደነዘዘ፤ እኔ ልያዝልሽ ብላት አይሆንም አለች። ሞላሌ እስክንገባ አልተነቃነቀችም፣ እሳቸውም አልነቁም።